ስራ ያለው ወጣት ጠመንጃ አያነሳም ይሉናል፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ እያለ አይደል እንዴ የተዘረፍነው?

ቦርከና_ማዶ (ክሩን የከፈተው) ማክሰኞ ማታ 2፡15

ሰላም ጀማው። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የሁለት ቀን ስልጠና ገብቼ ነበር፣ ርዕሱ "የግሉ ዘርፍ ለሰላም ግንባታ" ምናምን ነው፣ አበልም ነበረው አልዋሽም። አሰልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ጨዋ ልጅ ነው ስላይዱም ያምራል፣ ግን አንዷን ነገር እየደጋገመ አሰለቸን፦ ትልልቅ የውጭ ካምፓኒዎች የገቡበት ቦታ ሰላም ይሆናል፣ ስራ ያለው ወጣት ጠመንጃ አያነሳም። አጠገቤ አንድ ጋሼ ነበሩ፣ ጨርቃ ጨርቅ ሰርተው ጡረታ የወጡ፣ እጃቸውን አወጡና "ልጄ፣ በ2014 ጥቅምት እዚህ ፋብሪካ አልነበረም እንዴ?" አሉት። አዳራሹ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ፣ ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፈ።

እኔ ማለፍ አቃተኝ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ የተመረቀው ሐምሌ 2009 ነው፣ ጣሊያኑም ኮሪያውም አሜሪካኑም ገብቶበት ነበር። ጥቅምት 20 2014 ደሴ ተያዘች፣ ወዲያው እኛ ተከተልን፣ ህዳር 27 መንግስት መልሶ እስኪይዘን ያየነውን አይተናል። ማሽን በመኪና ሲጫን፣ ኬብል ከግድግዳ ሲነቀል፣ ያልተወሰደው ሲሰበር። እንተዛዘብ ካልን ደግሞ ሁሉንም የወሰደው ታጣቂ ብቻ አይደለም። የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጋዘኖቹ ተዘርፈው ደሴና ኮምቦልቻ ላይ እርዳታ ማደል ሲያቆም የተመድ መግለጫ የትግራይ ታጣቂዎችንም የተወሰኑ የአካባቢ ሰዎችንም አንድ ላይ ነው የጠራው። አፍሬ ነው ያነበብኩት።

እና ጥያቄዬ፣ የውጭ ካምፓኒ ግጭት ባለበት ቦታ ምን ያረጋል? እሳት ያጠፋል? ያቀጣጥላል? ወይስ አጥሩን አጥሮ ቁጭ ነው? ያያችሁትን የምታውቁትን ጻፉ።

ሚሌ_ሹፌር ማክሰኞ ማታ 2፡40

ወንድሜ እኔ ከጅቡቲ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ስመላለስ ስንት ዘመኔ ነው፣ ባጭሩ ልንገርህ፣ ካምፓኒ የሚከፍለው ለመንገድ ነው። ለሰላምም ለጦርነትም አይደለም። ገመድ የተወጠረበት ቦታ ትደርሳለህ፣ ልጆች ናቸው፣ አንዳንዴ ዩኒፎርም አለ አንዳንዴ የለም፣ ኮቴ ክፈል ይሉሃል፣ ትከፍላለህ ገመዱ ይረግባል ታልፋለህ። ጭነቱ የፈረንጅ ይሁን የመርካቶ ነጋዴ ገመዱ አይጠይቅም። ከዛ ቢሮ ሄደህ ሂሳብ ስታወራርድ "ኮቴ" ብለህ ከጻፍክ ፋይናንሷ ወረቀቱን ትመልስልሃለች፣ "ልዩ ልዩ ወጪ በል" ትላለች። ሁሉም ያውቃል ማንም አያውቅም። ብሩ ሄዶ ሄዶ ጥይት ይሁን ጫት እኔ አልጠየቅኩም፣ ሚስትና ልጆች አሉኝ።

ጦሳ_ስር ማክሰኞ ማታ 3፡22

ሹፌሩ ሳያስበው ትልቁን ፋይል ነው የከፈተው። (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው።) ያንተን "ልዩ ልዩ ወጪ" ቺኪታ የሚባለው የሙዝ ካምፓኒ "የጥበቃ ክፍያ" ብሎ ነበር የሚመዘግበው። ኮሎምቢያ ውስጥ ኤዩሲ ለሚባል ሚሊሻ ከ1997 እስከ 2004 ድረስ 1.7 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል፣ በ2007 አሜሪካ ውስጥ ጥፋቱን አምኖ 25 ሚሊዮን ተቀጣ። መከራከሪያው ምን መሰለህ፣ ተገደን ነው፣ ባንከፍል ሰራተኞቻችንን ይጨርሱብን ነበር። ያንተው "ሚስትና ልጆች አሉኝ" ናት። ግን በ2024 ፍሎሪዳ ላይ ጁሪ ተቀምጦ ሚሊሻው የገደላቸውን 8 ሰዎች ጉዳይ ሰማና ለቤተሰቦቻቸው 38.3 ሚሊዮን ዶላር ይክፈል አለ። ካምፓኒው በሰላም እንዲያልፍ የሰጠው ብር ሌላውን ሰው ከመንገድ ዳር ቀብሮታል ነው ነገሩ።

ላፋርጅ ደግሞ ይብሳል፣ የፈረንሳዩ ሲሚንቶ። ሰሜን ሶሪያ ጃላቢያ የሚባል ቦታ ፋብሪካ ነበረው። ጦርነቱ ሲጠጋ በ2012 የውጭ ሰራተኞቹን አወጣ፣ ሶሪያዎቹ ግን በየኬላው እየተፈተሹ ስራ ግቡ ተባሉ። ኬላው እንዲያሳልፋቸውና ጥሬ እቃ እንዲገባ ለአይሲስና አልኑስራ ለሚባሉት ታጣቂዎች ወደ 6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፈለ። ከፍሎስ ዳነ? በሴፕቴምበር 2014 አይሲስ ፋብሪካውን ራሱን ወሰደው። በ2022 አሜሪካ ፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኖ ወደ 778 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ።

ጀበና_ሰባራ ማክሰኞ ማታ 3፡25

ሚሌ ሹፌር እስኪ ፋይናንሷን ጠይቅልን፣ 778 ሚሊዮን ዶላር ልዩ ልዩ ወጪ ውስጥ ይገባል ወይ? ኪኪኪኪ

ሚሌ_ሹፌር ማክሰኞ ማታ 3፡31

ኧረ አላህን ፍሩ እኔን ከአይሲስ ጋር አታገናኙኝ፣ የከፈልኩት 200 ብር ነው!!

ረጋ_በል ማክሰኞ ማታ 4፡10

ጦሳ ያልከው ሁሉ ልክ ነው ግን ካምፓኒ ሰይጣን ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ሞዛምቢክን ተመልከት። ሎንሮ የሚባል የእንግሊዝ ካምፓኒ ነበር አለቃው ታይኒ ሮውላንድ ይባላል፣ ከቤይራ ወደብ ወደ ዚምባብዌ የሚሄድ የነዳጅ ቧንቧ ነበረው። ሬናሞ የሚባሉት አማጺዎች እንዳያፈነዱበት በ80ዎቹ በድብቅ ይከፍላቸው ነበር፣ እዚህ ድረስ የሹፌሩ ገመድ ነው። ግን ይኸው ሰውዬ በዛው ገንዘብ ሰበብ ከሬናሞው መሪ ከድላካማ ጋር ተዋወቀ፣ ሲቆይ የራሱን አውሮፕላን እየሰጠ ወደ ድርድር ያመላልሰው ጀመር፣ ኦክቶበር 4 1992 ሮም ላይ ስምምነቱ ሲፈረም ከጀርባ ካገዙት አንዱ እሱ ነው። እርሻ ነበረው እዛ አገር፣ ጥጥ እየተቃጠለበት እስከመቼ።

ደቡብ አፍሪካም እንደዛው ነው። ኮንሶሊዴትድ ጎልድ ፊልድስ የሚባለው የወርቅ ካምፓኒ በአፓርታይድ ርካሽ ጉልበት የወፈረ ነው፣ ግን ከ1987 እስከ 1990 እንግሊዝ አገር ገጠር ውስጥ እንደ ሜልስ ፓርክ ባሉ ቤቶች የማንዴላን ድርጅት የኤኤንሲን ሰዎችና የነጮቹን ምሁራን በድብቅ እያገናኘ ወጪውን የቻለው እሱ ነው። በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ታቦ ምቤኪ እዛ ነበር። ንግግሩ ሲጀመር ማንዴላ ገና እስር ቤት ነው።

ጻድቅ ሆነው አይደለም። ጦርነቱ ከሚያገባላቸው የሚያስወጣቸው ሲበልጥ ሽማግሌ ሆኑ፣ በቃ።

ጦሳ_ስር ማክሰኞ ማታ 4፡38

ይህን ሳነብ አንድ ነገር በራልኝ። ሎንሮ ቧንቧው መሬት ውስጥ ተቀብሯል፣ ወርቁም ጉድጓዱን ይዞ አይሄድም። መሄድ የማይችል ካምፓኒ ነው የሚደራደረው፣ መጀመሪያ ለሁሉም ይከፍላል፣ ሲያቅተው ያስታርቃል። ጨርቅ የሚሰፋስ? የስፌት ማሽን ኮንቴይነር ውስጥ ይገባል። ፒቪኤችን አስታውሱ፣ ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገርን የያዘው፣ በኖቬምበር 2021 የሀዋሳ ስራውን እዘጋለሁ ብሎ ወጣ። ሀዋሳ ደግሞ ጦርነቱ አልደረሰባትም እኮ! አሰልጣኙ "መልቲናሽናል" ብሎ አንድ ላይ የጠቀለላቸው ሁለት የተለያዩ ፍጥረቶች ናቸው፣ አንዱ መልህቅ አለው አንዱ ሻንጣ ነው ያለው። እኛ ፓርክ ውስጥ ያስገባነው ባለ ሻንጣውን ነው።

መልህቅ ያለውም ለባለቤቱ ያዋጣል እንጂ ለጎረቤቱ ሰላም ነው ማለት አይደለም። ኦጋዴን አቦሌ ላይ በ2007 ኦብነግ የሚባለው የሶማሌ አማጺ የቻይና ነዳጅ ፍለጋ ካምፑን ሲያጠቃ 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ነው ያለቁት። ካለቁት መሃል የቀን ሰራተኛና ጠባቂ አሉበት፣ ስራ ያላቸው ማለት ነው።

ወሎዬዋ_በዲሲ ማክሰኞ ማታ 5፡02

እዚህ የነበርን ሰዎች በጊዜው ስለ አጎዋ ብዙ ተጨቃጭቀናል። አሜሪካ ከጃንዋሪ 1 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነጻ ከሆነው እድል ስታስወጣ በሰብአዊ መብት ጥሰት ምክንያት ነው ያለችው፣ ጓደኞቼ መንግስት ላይ ጫና ነው ጥሩ ነው ይሉ ነበር፣ እኔም ግማሽ ልቤ እንደዛ ነበር ልዋሻችሁ አልችልም። ግን ጫናው ማን ትከሻ ላይ አረፈ? ሚኒስትር ከቢሮው ተቀንሶ አላየሁም። ካምፓኒ ጥሎ መውጣቱ እንደ ቅጣት ይቆጠራል ወይስ እንደ ሽሽት? የሚቀጣው ሰውዬና የሚጎዳው ሰውዬ አንድ ካልሆነ ምኑ ጫና ነው

የሸዋበሯ ማክሰኞ ሌሊት 6፡20

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ልጻፍ። እኔ ከደሴ ሸዋ በር እየተመላለስኩ 14 ወር የስፌት ማሽን ኦፕሬተር ነበርኩ፣ ካምፓኒውን አልጠራም። ሰርቪሱ ሌሊት 11 ሰዓት ይመጣል፣ ሐረጎን በጉም እንወርዳለን ሹፌሩ መስኮት ከፍቶ አንገቱን አውጥቶ ነው የሚነዳው፣ 1 ሰዓት ላይ ማሽን ላይ ነን። አሰልጣኙ ስራ ያለው ወጣት ጠመንጃ አያነሳም አለ አይደል? የኛ መስመር ላይ 40 ነበርን 36ታችን ሴት ነን። ወንድሜ ሶስቴ አመልክቷል አልወሰዱትም፣ ወንድ ይረብሻል ቶሎ ይለቃል ይላሉ። እና የቀጠሩት መጀመሪያውኑ ጠመንጃ የማያነሳውን ነው፣ የሚያነሳው ቤት ተቀምጦ የኔን ደሞዝ ነበር የሚጠብቀው።

ጦርነቱ መቅረቡን ማን ነገረን መሰላችሁ፣ ሬድዮ አይደለም። ደሴ ከመያዟ ሳምንት ቀደም ብሎ አርብ ከሰዓት የውጭ ሱፐርቫይዘሮቹ ሻንጣ ይዘው መኪና ሲገቡ አየን። ለስብሰባ ነው ተባለ። ሰኞ ታርጌት አንዲት ሳይቀነስ ስራ ግቡ ተባልን። ያ ላፋርጅ ያላችሁት ታሪክ እጄን አንቀጠቀጠኝ ወላሂ፣ ሶሪያ የት እኛ የት። ከዛ በእግር በመኪና እያልን ደብረ ብርሃን ደረስን መጠለያ ከረምን። የጥቅምት ደሞዜን እስካሁን አላገኘሁም። ከተመለስን በኋላ ተደውሎልኝ ሄድኩ፣ ወረቀት አቀረቡልኝ "በገዛ ፈቃዴ ስራ ለቅቄያለሁ" ይላል፣ ፈርሚና ግማሹን እንሰጥሻለን። አልፈረምኩም። እኔ የለቀቅኩት በገዛ ፈቃዴ ነው? የመድፍ ድምጽ ነው ያስለቀቀኝ።

ስራውን ግን እንደምትሉት አልጠላሁትም ነበር፣ የራሴ ብር ነበረኝ፣ ለእናቴ ጣራ አስቀይሬላታለሁ።

ቦርከና_ማዶ ማክሰኞ ሌሊት 6፡41

እህቴ ይህን ስልጠናው ላይ ብትናገሪው ኖሮ... አብሽሪ።

ጦሳ_ስር ረቡዕ ጠዋት 1፡50

ያንቺን አንብቤ አደርኩ። አንድ ጥናት አለ እዚሁ አገራችን የተሰራ፣ ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የሚባሉ ተመራማሪዎች 5 ካምፓኒ ያመለከቱ ወደ 1,000 ሰዎችን ወስደው ስራውን በእጣ ሰጡ፣ ከዛ ተከታተሏቸው። አብዛኛው ስራውን ያገኘ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ለቆ ወጣ፣ ገቢውም እጣው ካልወጣለት ሰው አልበለጠም፣ የጤና ችግሩ ግን ባሰ። በ2019 ደግሞ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የሀዋሳን ፓርክ አይተው መነሻ ደሞዙ በወር 26 ዶላር ነው፣ በዓለም የልብስ ስፌት ውስጥ ዝቅተኛው ነው ብለው ጻፉ። እንግዲህ በ26 ዶላር ነው ጠመንጃውን የምናስጥለው።

ጀበና_ሰባራ ረቡዕ ጠዋት 2፡05

26 ዶላር ጠመንጃውን አያስጥልም፣ ማስወልወያም አይሆንም

ሆጤ_ሰፈር ረቡዕ ጠዋት 3፡15

ካምፓኒ ስትሉ ስፌትና ሲሚንቶ ብቻ አድርጋችሁ ያዛችሁት፣ ይህን የምትጽፉበት ስልክ ውስጥ ያለውስ? በዛ ጊዜ ፌስቡክ ላይ የሰው ስምና ፎቶ እየተለጠፈ "ይሄ ነው" ሲባል ሪፖርት አድርገን አድርገን ሰልችቶን ትተናል። ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩ የትግራይ ተወላጅ ፕሮፌሰር በኖቬምበር 2021 በራቸው ላይ ተገደሉ፣ ልጃቸው ከዛ በፊት ፌስቡክ ላይ ተለጥፎባቸው ነበር ብሎ በዲሴምበር 2022 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ። ሜታ ኬንያ እኔን መዳኘት አትችልም ብሎ ነበር፣ በኤፕሪል 2025 ፍርድ ቤቱ እችላለሁ አለ።

ስሜነህ_ነኝ ረቡዕ ጠዋት 3፡40

የአንድ ወገን ሟች ብቻ ነው የሚታይህ? የኛስ? ጭና ላይ የሞተው ቆቦ ላይ የሞተው ሰው አይደለም??

አወያይ ረቡዕ ጠዋት 4፡00

ከዚህ ስር የነበሩ ሶስት አስተያየቶችን አጥፍቻለሁ። ስሜነህ ያንተ ጥያቄ አግባብ ያለው ነው ስለዚህ ትቼዋለሁ፣ ግን የሰውን ብሔር የሚሰድብ መልስ እዚህ አይቆይም። ስለ ካምፓኒዎቹ እናውራ።

ሆጤ_ሰፈር ረቡዕ ጠዋት 4፡12

ስሜነህ ወንድሜ የኔም ዘመዶች ቆቦ ናቸው። እሱን ነው የምልህ፣ ጽሁፉ የቱም ወገን ላይ ይጻፍ ለካምፓኒው ያው ነው፣ ሰው በተናደደ ቁጥር አፑ ላይ ይቆያል። ይሄ ባለ ሻንጣም ባለ መልህቅም አይደለም፣ መሬታችንን ሳይረግጥ ነው የገባው። የተሻለም ይቻላል ደግሞ፣ ኬንያ በ2007 ምርጫ ማግስት ከ1,000 በላይ ሰው ካለቀባት በኋላ ለ2013ቱ ምርጫ ሳፋሪኮም ፓርቲዎች በጅምላ የሚልኩትን ኤስኤምኤስ ሳይታይ አላስተላልፍም አለ፣ የጥላቻ ቃል ያለበትን መለሰ። ስልኩ የሱ፣ ደንበኛውም የሱ፣ አገሩም የሱ ነው። ፌስቡክ እዚህ ቢሮ እንኳ የለውም።

የቃሉ_ሰው ረቡዕ ከሰዓት 8፡30

ልጆቼ እኔ በጽሁፍ ጎበዝ አይደለሁም የልጄ ልጅ ነው የሚጽፍልኝ። እኛ ጋ አባጋር የሚባል ሽምግልና አለ ታውቁታላችሁ፣ ደም የተቃቡትን እስላሙም ክርስቲያኑም ሽማግሌ አንድ ላይ ተቀምጦ ዱዓ አድርጎ መርቆ ያስታርቃል፣ ካሳውም እዛው ይቆረጣል። በዳዩ ራሱ ይመጣል፣ ፊቱን ያሳያል። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ አንድ ካምፓኒ የሰላም ቀን አዘጋጅቶ ጠሩን፣ ቲሸርት አደሉን የካምፓኒው ስም ደረቱ ላይ አለ፣ ሰንጋም ታርዷል። እኔ ተነስቼ የእነዚህ ልጆች የተቋረጠ ደሞዝ ነገር እንዴት ሆነ ብዬ ጠየቅኩ። የመጣው ሰው ይህ የኔ ክፍል አይደለም ለሚመለከተው አደርሳለሁ አለ፣ ከምሳ በፊት መኪናው ወጣ። እና ማንን ነው የምናስታርቀው? የሚመለከተው የሚባለው ሰው የት ነው ያለው? በውክልና እርቅ የለም በኛ ደንብ። ቲሸርቱን ግን ለብሼዋለሁ ጥጡ ጥሩ ነው።

ረጋ_በል ረቡዕ ማታ 1፡45

ጋሼ ያሉት ነገር ልቤ ውስጥ ገባ፣ ግን የሸዋበሯ አንቺን የሚመስል አንድ ጉዳይ አለ ስሚኝ። ኮንጎ ቡካቩ የምትባል ከተማ ሀይኔከን ብራሊማ የሚባል ቢራ ፋብሪካ ነበረው። ከ1998 እስከ 2003 በነበረው ጦርነት ከተማዋን አማጺዎች ይዘዋት ፋብሪካው መስራቱን ቀጠለ፣ በዛ መሃል የተባረሩ ሰራተኞች ነበሩ። 168 የቀድሞ ሰራተኞች ተሰባስበው ከስንት አመት በኋላ በ2015 ሆላንድ ድረስ አቤት አሉ። ፍርድ ቤት አይደለም፣ ኦኢሲዲ የሚባለው የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት አባል አገሮች ካምፓኒዎቻቸው ውጭ አገር ሲያጠፉ አቤቱታ የሚቀበል አንድ አንድ ቢሮ አላቸው፣ ናሽናል ኮንታክት ፖይንት ይሉታል። ማስገደድ አይችልም ሽማግሌ ነገር ነው፣ አባጋር በሉት። አደራደራቸው፣ በ2017 ካሳ ተከፈላቸው። (ቡካቩ አልታደለችም፣ በ2025 ኤም23 የሚባል አማጺ ያዛት፣ ሀይኔከንም ፋብሪካዎቼን ከቁጥጥሬ አውጥተውብኛል አለ።)

ጦሳ_ስር ረቡዕ ማታ 2፡00

ጥሩ ነው፣ ግን የሚሰራው የካምፓኒው እናት አገር ውስጡ ካለች ነው። አሜሪካ፣ ጣሊያን፣ ኮሪያ፣ ቱርክ፣ ፈረንሳይ አሉበት። ቻይናና ህንድ የሉበትም።

ቦርከና_ማዶ ረቡዕ ማታ 2፡08

የሸዋበሯ ካምፓኒሽ የየት አገር ነበር? ስሙን እዚህ እንዳትጽፊው አገሩን ብቻ

የሸዋበሯ ረቡዕ ማታ 2፡50

ይሄን ስታነቡ እንዳትስቁብኝ። አላውቅም። ማሽኑ ጃፓን ይላል፣ ሱፐርቫይዘሮቹ ስሪላንካ ናቸው፣ ማናጀሩ ህንድ ነው ይሉ ነበር፣ ልብሱ ላይ የምንሰፋው ምልክት የአሜሪካ ነው፣ ደሞዝ የሚገባው በኢትዮጵያ ባንክ ነው። አለቃው የሚባል ሰውዬ አንዴ መጥቶ ነበር፣ ጽዱ ተብለን ሁለት ቀን ወለል ስናጥብ ከረምን፣ በመስታወት በኩል አይቶን ሄደ፣ ቻይና ይሁን ኮሪያ አልለየሁትም። 14 ወር ሙሉ ማን እንደቀጠረኝ አላውቅም ነበር ማለት ነው፣ አሁን ገና ነው የገባኝ።

ረጋ_በል ረቡዕ ማታ 2፡58

ማንም አይስቅብሽም እህቴ። ባጅሽ አለ? ከጀርባው የተጻፈ ነገር ይኖራል

የሸዋበሯ ረቡዕ ማታ 3፡20

አገኘሁት፣ ሳጥን ስር ነበር። ከፊት የኔ ስምና ቁጥር፣ ከጀርባ "ይህን ካርድ ያገኘ ሰው በር ላይ ላለው ጥበቃ ያስረክብ" ነው የሚለው።

ቦርከና_ማዶ ረቡዕ ማታ 3፡24

ፔይስሊፕስ? የባንክ ስቴትመንትስ? ከፋዩ ማን እንደሆነ ባንኩ ያውቃል እኮ

የሸዋበሯ ረቡዕ ማታ 3፡31

ስቴትመንቱን ነገ ባንክ ሄጄ አስወጣለሁ። ፔይስሊፖቹ እናቴ ጋ ሐይቅ ናቸው፣ ከጣራው ደረሰኝ ጋር አንድ ላይ አስሬ ነው ያስቀመጥኳቸው። ቅዳሜ እሄዳለሁ።

ሚሌ_ሹፌር ረቡዕ ማታ 3፡35

ቅዳሜ ባዶ መኪና ይዤ በዛ በኩል ነኝ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር 2 ሰዓት ላይ ጠብቂኝ አደርስሻለሁ። ኮቴ የለበትም